ነጭ የተቀባችው ሲንቄ

ነሐሴ 12 ቀን 1975፣ ሐሙስ ማታ

ሸራው ዛሬም አልደረቀም። ጧት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቀትር ላይ ገለበጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መልሶ አጠበው። የአሰላ ነሐሴ ሸራ አያደርቅም፣ ለሠዓሊው ነግሬዋለሁ። ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ያልኩትን ትቶ ሌላ ነገር ይጠይቀኛል።

ዛሬ የጠየቀኝ ምሰሶ የሌለው ድንኳን ነው። ስማ ደብተር። ለባላባት ሠርግ ተክያለሁ፣ ለጳጳስ አቀባበል ተክያለሁ፣ ለቀበሌ ስብሰባ ተክያለሁ፣ ለለቅሶ የተከልኩትንማ ተወው። ያለ ምሰሶ የቆመ ድንኳን አላየሁም። ሠዓሊው ጓ/ ዮናስ (ጓድን እንዲህ የምትቆርጠው ይኼን የምትጽፍልኝ ልጄ አልማዝ ናት፣ የቢሮ ልማድ ነው ትላለች) ጨርቁ ከአዳራሹ ጣሪያ ይውረድ፣ ዙሪያውን ይክበብ፣ ሰው መሃል ይቀመጥ ይላል። ሰዉ ሥዕል አያይም፣ ሥዕል ውስጥ ይገባል ይላል። ገብቶ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩት። ይቀመጣል አለኝ።

ልብሱን የምትሠራው ጓ/ ሰብለ ናት። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ለአብዮት በዓል ማታ የሚቀርብ የልብስ ትርኢት ነው። የሴቶች ማኅበር ልጆች ልብሷን ለብሰው በሰዉ መሃል ይራመዳሉ። ልብሶቹን አሳየችኝ። ሁሉም ነጭ። ጥለት የለው፣ ጥልፍ የለው። ጥለቱ የት አለ ብላት ከብርሃን ነው የሚመጣው አለች።  ጦም ነው፣ በባዶ ሆዴ አልከራከርም።

ጫልቱ የለችም። እህቷ ባል ሞቶባት ወደ ጮሌ ከተማ ሄዳለች። ባለቤቴ ስትሄድ ቤቱ ይበርዳል።

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ ማታ

አልማዝ ደክሟታል፣ ግን ትጽፋለች። ቀን ቢሮ ውስጥ ታይፕ ትመታለች። ኃላፊዋ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። እሱ ፊደል እያወቀ። እኔ ሳላውቅ ብናገር ምን ነውር አለው። መሠረተ ትምህርት ግባ ብለውኝ ነበር። ከጎረቤቴ የልጅ ልጅ ጎን አስቀመጡኝ። ወጣሁ። አልማዝን እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ዛሬ የብርሃኑን ማሽን አየሁ። ሳጥን ነው፣ አንድ ዓይን አለው። ትንሽዬ የመስተዋት ፎቶግራፍ ያጎርሱታል፣ ከግድግዳው ላይ ትልቅ አድርጎ ይተፋዋል። ሰብለ አንዲት ልጅ ነጭ ቀሚስ አልብሳ አቆመች። ዮናስ ገብስ አጎረሰው። ቀሚሱ ገብስ ሆነ። የደረሰ የአርሲ ገብስ፣ ዛላው ከነጸጉሩ። ልጅቷ ስትተነፍስ ገብሱ ይተነፍሳል። ስትዞር ማሳው ይዞራል። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፣ ምንም የለም።

ታዲያ ልብሱ የቱ ነው? ነጩ ነው ወይስ ገብሱ? ማምሻውን ሙሉ ይኼንኑ ሳስብ ቆየሁ። ሰብለን ጠየቅኳት። እሷና ዮናስ ተያዩና ሳቁ። የሰፋችው እሷ፣ የሣለው እሱ፣ የማን እንደሆነ እነሱም አያውቁም።

ከዚያ ማሽኑን ወደ እኔ አዞሩት። ጭላሎን ኮቴ ላይ አወጣው። ሰብለ፣ ጋሽ ደምሴ ተራራ ለብሰዋል፣ አልከበደዎትም ወይ ብላ ሳቀች። አልሳቅኩም። ቀና ብዬ ቆምኩ። ተራራ የለበሰ ሰው አይጎብጥም።

አልማዝ ወደዱት ወይ ትለኛለች። አላውቅም።

ነሐሴ 17፣ ማክሰኞ ማታ

ትናንት ጦም ፈታን። አልማዝ ሠራች፣ ጨው በዛው። ይኼንን አልጽፍም ብላ ነበር፣ ጻፈችው።

ዛሬ ጠብ። ድንኳን ራስ አለው። ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ራስ ነው፣ የክብር እንግዳ እዚያ ይቀመጣል፣ ጀርባው ለማንም አይሰጥም። ዮናስ ደግሞ ወንበሩን በክብ ደረደረው። መግቢያውም አራት ሆነ። ልጆቹ በአራቱም ይገባሉ፣ ሥዕሉም በአራቱም በኩል ነው። የቀበሌው ሊ/መንበር መጣ። የክብር እንግዳው የት ነው የሚቀመጡት አለ። ዮናስ ክብ ነው፣ ሁሉም እኩል ነው አለው።

“እኩልነቱን እኔም አስተምራለሁ፣” አለ ሊ/መንበሩ። “ወንበሩ ግን የት ነው?”

 ሊ/መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ከመግቢያው ፊት ለፊት አልኩ። የትኛው መግቢያ አለኝ። አራቱንም ዞሬ አየኋቸው። የትም ቢቀመጡ ጀርባቸው ለአንዱ ሥዕል ነው፣ ፊታቸውም ከአንዱ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ተገኘ። የአልማዝ ኃላፊ የሚሽከረከር ወንበር አለው። እሱ ይምጣ ተባለ። የክብር እንግዳው መሃል ሆነው እየዞሩ ያያሉ። አልማዝ ይኼን ስትጽፍ ትስቃለች። ኃላፊዋ በዓሉ እስኪያልፍ በእንጨት ወንበር ሊቀመጥ ነው።

ጨርቁን ግን አቆምኩት። ከጣሪያው ብረት ገመድ አወረድኩ፣ በአራት ማዕዘን ካስማ ላይ ወጠርኩ። ምሰሶ የለውም። ቆሟል። ከሥሩ ሆኜ ሳየው ያዞረኛል፣ የሚደገፉት ነገር የለም።

ነሐሴ 21፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

የመጨረሻው ሥዕል ጠፋ። ዮናስ ገብስ አለው፣ ጭላሎ አለው፣ የሚጋልብ ፈረስ አለው፣ መዝጊያ የለውም። ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲወጡ ሰዉን ከወንበሩ ብድግ የሚያደርግ ነገር ይፈልጋል። ሲያወራ እጁ ዝም አይልም። አምና በኢተያ መንገድ ሴቶች ቀጭን ረጅም በትር ይዘው፣ በሌላ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘፈኑ ሲሄዱ አይቷል። ያቺን በትር መሃል ላይ በሽቦ ሰቅሎ ከኋላዋ መብራት ሊሰጣት፣ ጥላዋን በአራቱም ሸራ ላይ ሊያዞር አስቧል።

ሲንቄ ናት አልኩት። የአርሲ ሴት በትር። ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች። ወንድ አይዛትም። ሁለት ጠበኞች መሃል ካጋደሟት የሚሻገራት የለም። ዮናስ የመጨረሻውን የሰማኝ አይመስለኝም፣ ወረቀቱ ላይ ይሥል ነበር።

የማኅበሩ ልጆች አዲስ ቆርጠው አመጡለት። እርጥብ ናት፣ የበግ መንጃ ትመስላለች አለ። አሮጌ፣ እጅ የበላት ይፈልጋል።

እኔ ቤት አለች አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። አፌ ቀደመኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የሌለው ነገር እኔ ቤት አለ ለማለት ነው መሰለኝ። ቤት ገባሁ፣ ከአልጋው ራስጌ ከግድግዳው አወረድኳት። ቅቤ ጠጥታ ጠጥታ ጠቁራለች። ዮናስ ሲቀበለኝ በሁለት እጁ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አለ። ኮራሁ።

አልማዝ ብዕሯን አቆመች። እማዬን ጠይቀዋታል ወይ አለችኝ። ጮሌ ስልክ የለም አልኳት። ጻፊ አልኳት። ትጽፋለች። ማንበብ ባላውቅም ብዕሩን ስትጫነው ይታየኛል።

ነሐሴ 24፣ ማክሰኞ

ሠዓሊው ሲንቄዋን ነጭ ቀባት።

ከኋላ ሲበራባት ጥላዋ ያምራል፣ ከፊት ሲበራባት ግን ጥቁሯ ጨለማ ውስጥ ትጠፋለች አለ። የቀባት እንድትታይ ነው። እኔ በሁለት ጫፏ ይዤለት ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ያዝልኝ አለኝ፣ ያዝኩ። ቀለሙ ሸተተኝ። የቅቤዋ ሽታ ጠፋ። እጄ ነጭ ሆነ።

ይለቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በቤንዚን ይለቃል አለኝ። ቤንዚን።  እጄን በሸራው ጫፍ ጠርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነሐሴ 27፣ ዓርብ ማታ

ጫልቱ መጣች። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተይዞ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። እግሯን ታጠበች፣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ዘገየች። ወጣች።

“አባ አልማዝ፣ ሲንቄዬስ?”

ለመንግሥት ሥራ ሄዳለች አልኩ። ከበዓሉ በኋላ ትመለሳለች አልኩ። ምነው፣ ዱላ ናት አልኩ። የመጨረሻዋን ባላልኩ። ጫልቱ ስትቆጣ ትጮኻለች፣ የምትጮኸውን አውቀዋለሁ። ዛሬ አልጮኸችም። እንጀራ አቀረበች። እሷ አልበላችም።

አልማዝ ዛሬ ፊቷን አዙራ ነው የምትጽፈው።

ነሐሴ 28፣ ቅዳሜ ቀትር

ጧት ጫልቱ ደጃፍ ወጥታ እልል አለች። የሠርግ እልልታ አይደለም፣ የሲንቄ ጥሪ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የጀመረውን ጥሎ መጣ። ወተት እያለበች የነበረችው ከነቅሏ፣ ልጅ የምታጠባው ከነልጇ። ክርስቲያኑም እስላሙም። ሁሉም ሲንቄ ይዘዋል። ጎረቤታችን ዘይነባ ከፊት ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ምላሷ ጦር ነው።

ጫልቱ የምትይዘው የላትም። ግን እንደያዘች አድርጋ ባዶ እጇን ወደ ላይ አቆመችው። በዚህ ደጅ ስንት ዓመት ኖርኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ሌላ አስቆርጥላታለሁ አልኩ። ከዚህ የበለጠች፣ ከወይራ።

“ደምሴ፣” አለች ዘይነባ፣ “ሰው ሳይጠይቅህ ድንኳንህን ነቅሎ ቢወስድብህ ምን ትላለህ?”

ድንኳን ሌላ ነው አልኳት። ሳቁብኝ። ከዚያ መሳቃቸውን ተዉት፣ ይዘዋት ሄዱ። ከወንዙ ማዶ ዝግባው ሥር ተቀምጠዋል። ማታ ማታ ዘይነባ ቤት ሊገቡ ነው፣ ሲነጋ ተመልሰው ዛፉ ሥር። ልማዱን አውቃለሁ። የበደለ ባል ሄዶ እስኪታረቅ ሚስት ቤቷ አትገባም።

እኔ ግን ምን በደልኩ? መታኋት? ሰደብኳት? ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨት ነው። አልማዝ፣ ይኼንን አስምሪበት።

አላሰመረችም።

ጳጉሜን 2፣ ረቡዕ ማታ

ላሚቱ እጄን አታውቀውም። ረገጠችኝ። አልማዝ ናት ከሥራ በፊት የምታልባት።

ዛሬ ዮናስን ሲንቄዋን መልስልኝ አልኩት። ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ጋሽ ደምሴ፣ በዓሉ ማግስት በእጄ ይዤ አመጣታለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃቸዋለሁ አለ። ሊ/መንበሩ ሰምቶ ገባበት። ፕሮግራሙ ወደ በላይ አካል ተልኳል፣ የመጨረሻው ሥዕል የሴቶች ተሳትፎ ተብሎ ተጽፏል፣ በአንድ ሴት ምክንያት አይሰረዝም አለ። ለሴቶች ተሳትፎ ሲባል አንዲት ሴት ዛፍ ሥር ትቀመጥ ማለቱ ነው። ግራ ገባኝ። ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ሽማግሌ ላክሁ፣ ከነቄሱ። ሴቶቹ ወተት አጠጥተው መለሷቸው። አፍ ያለው ራሱ ይምጣ ብለዋል። እኔ ደምሴ፣ ስንቱን የታረቀ በድንኳኔ ያስቀመጥኩ፣ ሴቶች ፊት ልቆም? አልሄድም አልኩ።

ከዚያ አልማዝ ነገረችኝ። እሷም ትናንት ከእናቷ አፍ ነው የሰማችው። ያን ጊዜ ስንጋባ፣ እኔን የመጤ ልጅ የሚሉኝ ሰዎች ጫልቱ አልተዳረችም፣ ተጠልፋ ነው ይሉ ነበር። ሽማግሌ ልኬ፣ ከብት ነድቼ ነበር፣ ግን ሰው የሚያወራውን ማን ይከለክለዋል። የጫልቱ እናት ሰው በተሰበሰበበት ያቺን በትር ሰጠቻት። የተጠለፈች ልጅ ሲንቄ አይሰጣትም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው በዓይኑ ሲጠይቃት ይዛት ትወጣ ነበር። አፍ አታበዛም፣ በትሯን ታሳያለች። በወግ ለመዳሯ ያላት ምስክር ያቺ ብቻ ናት።

ይኼን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ አላወቅኩም። ለምን አልነገረችኝም አልኩ።

“ተናግራለች፣” አለችኝ አልማዝ። “እርስዎ ካስማ ሲቆጥሩ ነበር።”

ጻፊው አልኳት።

ጳጉሜን 5፣ ቅዳሜ

ልምምድ። እውነቱን ልናገር ደብተር፣ ያምራል። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አዳራሹ ጠፋ፣ ገብስ ውስጥ ቆምን። በስተግራ ገብስ፣ በስተቀኝ ገብስ፣ ከላይ ሰማይ። ልጆቹ በነጭ ልብስ ሲመጡ ማሳው መሃል ሰው ይበቅላል። ፈረሱ ሲመጣ ከአንዷ ቀሚስ ወደ ሌላዋ ቀሚስ እየዘለለ ዞረን። ሰብለ ከጎኔ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ዮናስ ልብሷን አበላሸሁት ወይ ይላታል፣ እሷ ሥዕልህን ሸፈንኩት ወይ ትለዋለች። አንዱ ለሌላው ሲጨነቅ ደስ ይላል። እንዲህ ዓይነት ጭንቀት እኔ ቤት መቼ እንደነበረ ላስታውስ አልቻልኩም።

ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አናደደኝ። ሚስቴ ዛፍ ሥር ናት።

የመጨረሻውን አላሳዩም። ዮናስ ለልጆቹም ለሰዉም ድንገት ይሁን ብሏል። ሲንቄዋ ከላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ተሰቅላለች። ቀና ብዬ አላየኋትም።

መስከረም 1፣ ሰኞ

እንቁጣጣሽ። አልማዝ ጧት አበባ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። እኔ በር ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት እንኳን አደረሰዎ ይላል፣ አይገባም። ማታ አልማዝ ስትመጣ እናትሽ እንኳን አደረሰው ብላለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ላሚቱ ታልባለች ወይ ብላለች አለችኝ። ይኼ ቁጣ ነው? አሳብ ነው? ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 3፣ ረቡዕ ጧት፣ 1 ሰዓት

አልተኛሁም። የትናንት ማታውን በተራ ልንገርህ፣ በተራ ከመጣልኝ።

አዳራሹ ሞላ። የክብር እንግዳው በሚሽከረከረው ወንበር መሃል ተቀመጡ። ሲዞሩ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ አጃቢው ባዶ እጁን ያፍተለትላል። እኔ ከሸራው ጀርባ ነኝ፣ ዋናው ገመድ እጄ ላይ ነው። ገብሱ ሄደ። ተራራው ሄደ። ፈረሱ ዞረ፣ እንግዳው አብረው ዞሩ። ጭብጨባ። ልጆቹ በሙሉ በመራመጃው ላይ ተሰለፉ፣ መብራት ጠፋ።

ከዚያ የሲንቄዋ መብራት በራ።

ጥላዋ በአራቱም ሸራ ላይ ቆመ። እንደ ዝግባ ግንድ ትልቅ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሳበ። ዮናስ የፈለገው ይኼው ነው፣ አገኘው። ግን መብራቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጥላዋ መሬትም ላይ ወደቀ። በመራመጃው ላይ ተጋደመ። ከዳር እስከ ዳር።

ከፊት የነበረችው ልጅ ከኦጎልቾ የመጣች የአርሲ ልጅ ናት። እግሯን አንሥታ ነበር። አላሳረፈችውም። መለሰችው። ከኋላዋ ያሉትም ቆሙ። ቴፑ ይዘፍናል፣ ልጆቹ ቆመዋል። ዮናስ ከጥግ ሂዱ ሂዱ ይላል በሹክሹክታ። ሰብለ በእጇ ታሳያለች። ልጅቷ መሬቱን ታያለች። ኋላ ወንበር ላይ የነበሩ የአርሲ ሴቶች አንድ በአንድ ብድግ አሉ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ቴፑ አለቀና ቀጭ አለ።

ጥላ ነው እኮ፣ አልኩ ለራሴ። ዱላ ናት እንዳልኩት።

እዚያ ጋ ቀልቤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ገመዱን ካስማው ላይ አሰርኩ። ሸራውን ገልጬ ገባሁ። መብራቱ ዓይኔን ያዘኝ፣ የራሴ ጥላ በአራቱም በኩል ተነሣ፣ ጎባጣ፣ ኮት የለበሰ። ያን ያህል መጉበጤን አላውቅም ነበር። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ከሽቦው ፈታኋት፣ ያዝኳት። መሬት ላይ የነበረው ጥላ ተነሣ። ልጅቷ ተራመደች።

አጨበጨቡ። ደብተር፣ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው ተሽከርክረው አጨበጨቡ። የሥዕሉ መጨረሻ መስሏቸው። ያልተነሣ የለም። ከአርሲዎቹ ሴቶች አንዷም አላጨበጨበችም። በመሃላቸው ሳልፍ መንገድ ለቀቁ፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም።

በዝናብ ወደ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ዘይነባ በር ከፈተች። ሲንቄዋን ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ፣ ወንድ ለሴት አያቀብላትም፣ አስቀምጣት አለችኝ። ደፉ ላይ አጋደምኳት። ጫልቱ ከውስጥ መጣች። ጎንበስ አለች። ነጩን አየች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ አልለቀቀም። ሌላ ቦታ ጠረገች፣ አልለቀቀም። አፍንጫዋ ጋ አስጠጋቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንግዳ እንደሚያዩ።

በሩ ተዘጋ። በኃይል ቢሆን ደግ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው።

መስከረም 3፣ ማታ

ሊ/መንበሩ ቤቴ መጣ። ከኮቱ ኪስ ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ። የድሮው ሥርዓት በሴቶች ላይ የጣለውን አጥር ጭቁኑ ሽማግሌ በገዛ እጁ ሲያነሳ የሚያሳይ ተብሏል። በበላይ አካል ዘንድ በጣም ተወዷል። እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፣ ይደገም አለኝ። ያንኑ ኮት ልበስ አለኝ።

ዮናስም መጣ። ዓይኑ አብጧል፣ አልተኛም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ እኔም አልሠራሁትም፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት አለኝ። አቀፈኝ። ልጁን እወደዋለሁ። እሱም ይደገም ይላል። ተራራ ሲያለብሰኝ ቀና አልኩ፣ አሁን የሚያለብሰኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰብለ በር ላይ ቆማ ቀረች። ባለቤትዎ አውቀው ፈቅደው ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አልነበረም አልኩ። መሬት መሬት አየች። ልብስ ስሰፋ የምጠይቀው የሚለብሰውን ሰው ነው፣ ይኼንን ግን አልጠየቅኩም አለች። ከዚያ ዮናስን በእጁ ይዛ ሄደች። መንገድ ላይ ሲከራከሩ ይሰማኛል።

ሊ/መንበሩን አይደገምም አልኩት። ሽማግሌ አትሳት አለኝ። ሸራው የኔ ነው፣ ነገ እነቅለዋለሁ አልኩ። አልማዝ፣ ይኼንንም ጻፊ። ያስጠይቅሃል አለኝ። ይጠይቁኝ።

መስከረም 4፣ ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ

ሸራውን ሌሊቱን ነቀልኩ። ዮናስ መጥቶ ገመድ ያዘልኝ።

ዝናብ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ሸራዬን ተሸክሜ ሄጄ ዝግባው ሥር ለሴቶቹ ልተክልላቸው ነበር። ድንኳን ያለው ሰው ሌላ ምን ያስባል። አልማዝ ትናንት ለዘይነባ ነግራታለች። ዘይነባ ሳቀች አለች። በደምሴ ጣሪያ ሥር ሆነን በደምሴ አንፈርድም፣ ዝናቡ ይምታው ብላለች። ልክ ናት። የድንኳኑንም ራስ እኔ ልመርጠው ነበር፣ ማን ከማን ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ።

እንግዲህ ለካሳ ጥቁሯን ጊደር እነዳለሁ። ሽማግሌ አልልክም፣ ቄሱም ይቆዩ። ኮቱን አልለብስም፣ በጋቢ ነው የምሄደው። ቅቤ ገዝቻለሁ፣ ለጋ። ነጩን ቀለም ቤንዚን አላስነካም፣ ቢላም አላስነካም። እሷ ከፈለገች ትፋቀው፣ ካልፈለገች እንደ ነጭነቷ ቅቤ ታጠጣት። የኔ አይደለም። ጠበኛ መሃል የማይሻገሯትን ነገር ዱላ ናት ማለቴን ግን በሴቶቹ ሁሉ ፊት መልሼ እወስደዋለሁ። በወግ የተዳረች ናት ብዬም በአፌ እናገራለሁ፣ ከእንጨት ምስክር እንዳትፈልግ።

ካልታረቀችኝስ? አላውቅም። ነገም እሄዳለሁ።

አልማዝ ነጠላዋን ደርባለች። እሷ ከእናቷ ወገን ሆና ልትቀመጥ ነው፣ ይገባታል። ከመሄዷ በፊት የምናገረውን ለመለማመጃ አንዴ ጻፊልኝ አልኳት። ጫልቱ ብለሽ ጀምሪ። ጫልቱ፣ እኔ። እሺ፣ እኔ ካሉ በኋላስ ትለኛለች። ብዕሩን ይዛ ቆማለች። ጊደሯ ደጅ ትጮኻለች። ተዪው፣ እዚያ ላይ ተዪው። ጫልቱ፣ እኔ